የጂኢዲ ዋጋ ከጂኢዲ በኋላ ነው

አገር ቤት ሳለ ትምህርቱን ከ12ኛ ክፍል በፊት ያቋረጠና አሁን አሜሪካ የሚኖር ሰው ስለ ጂኢዲ ሲጠይቅ ሁለት ዓይነት መልስ ይሰማል። አንዱ ወገን የሃይስኩል ዲፕሎማ አቻ ስለሆነ እሱን መያዝ ብቻ ይበቃል ይላል፤ ሌላው ወረቀቱ ለቀጣሪ ምንም አይነግረውም፣ ጊዜህን አታጥፋ ብሎ ያሰናብተዋል። እኔ በሁለቱም አልስማማም። ጂኢዲ ዋጋ የሚያወጣው ኮሌጅ ወይም የሙያ ሥልጠና ሲከተለው ነው፤ አጀማመሩም ይህንኑ ያሳያል። ፈተናው በ1942 እ.ኤ.አ. የተዘጋጀው ከትምህርት ገበታ ተነሥተው ለዘመቱ የአሜሪካ ወታደሮች ነበር፤ ከሁለት ዓመት በኋላ የኮሌጅ ወጪያቸውን መንግሥት የሚሸፍንበት ሕግ ወጣላቸው። ፈተናውን ያለፈው ወታደር ቀጥሎ የሚሄድበት ቦታ ነበረው ማለት ነው።

ወረቀቱ አይጠቅምም የሚሉት ያለ ማስረጃ አይናገሩም። በ2000 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘው ጄምስ ሄክማን ከስቲቨን ካሜሮን ጋር በ1993 ባሳተመው ጥናት፣ ጂኢዲ የያዙ ወንዶች በደመወዝም ሆነ በሥራ ሁኔታ ሃይስኩል ከጨረሱት ይልቅ ካቋረጡት ጋር እንደሚቀራረቡ አሳይቷል። በኋለኞቹ ሥራዎቹ ምክንያቱን ሲያስረዳ፣ የጎደላቸው ዕውቀት ሳይሆን ትምህርት ቤት በየቀኑ የሚያለማምደው ጽናት ነው ብሏል። ይህን አቅልሎ ማለፍ አይገባም። ነገር ግን የተጠኑት አሜሪካ ያደጉ ወጣቶች ናቸው። ትምህርቱን በጦርነት ወይም በስደት ያቋረጠን፣ ዛሬም ሌሊት ፓርኪንግ ሠርቶ ጠዋት ልጆቹን ትምህርት ቤት የሚያደርስን ሰው ጽናት ጎድሎታል ማለት አይቻልም። እሱንም የሚመለከተው ሌላው የጥናቱ ግኝት ነው፦ የጂኢዲ ጥቅም የሚገኘው ለቀጣይ ትምህርት በር በመክፈቱ ሲሆን፣ ገብተው የሚጨርሱት ግን አነስተኛ ናቸው።

ፈተናው ለእኛ አይሆንም የሚሉም አሉ። የሚሰጠው በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ ብቻ ስለሆነ ቅሬታው እውነትነት አለው። ፈተናዎቹ አራት ናቸው፤ ቋንቋ፣ ሒሳብ፣ ሳይንስና ሶሻል ስተዲስ። ውጤቱ ከ100 እስከ 200 ሲሆን ማለፊያው በእያንዳንዱ 145 ነው። ብዙ ሰው ሒሳቡን ይፈራል፤ ከመጀመሪያዎቹ አምስት ጥያቄዎች በኋላ ግን ካልኩሌተር ይፈቀዳል። በእኔ ግምት ይበልጥ የሚከብደው የቋንቋው ድርሰት ነው። በአንድ ጉዳይ ላይ የሚቃረኑ ጽሑፎች ኮምፒውተሩ ላይ ይቀርባሉ፤ ተፈታኙ በ45 ደቂቃ ውስጥ የትኛው የተሻለ ማስረጃ እንዳለው ለይቶ ይጽፋል። የሚታረመው የግል አቋሙ ሳይሆን ከጽሑፎቹ መዝዞ ያቀረበው ማስረጃ ነው። ሽምደዳ ለለመደ ሰው ይህ አዲስ ነው። ሆኖም ኮሌጅ ሲገባም የሚጠየቀው ይኸው ስለሆነ ድካሙ አይባክንም። ደግሞም አራቱን በአንድ ቀን መፈተን ግዴታ አይደለም፤ አንድ በአንድ እየተዘጋጁ መጨረስ ይቻላል።

አገር ቤት 12ኛን ጨርሶ ማስረጃው በእጁ ያለ ሰው መጀመሪያ ማስረጃውን ማስገምገም አለበት፤ ጂኢዲው ላያስፈልገው ይችላል። ለሌሎቻችሁ ግን መንገዱ ክፍት ነው። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት ሜሪላንድ አራቱን ፈተናዎች ያለፈ ሰው የሚቀበለው የግዛቱን የሃይስኩል ዲፕሎማ ነው። ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ከሆነና ገቢው ዝቅተኛ ከሆነ፣ ለኮሌጅ ፔል ግራንት የተባለውን የማይመለስ የፌዴራል ድጋፍ መጠየቅ ይችላል። ስለዚህ ለፈተናው ከመመዝገባችሁ በፊት በአካባቢያችሁ ወዳለው ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ጎራ በሉና ቀጥሎ የምትማሩትን ምረጡ።