ስለ ጦር መሣሪያ ንግድና ስለ መንግሥት ፈቃድ

ሆመቾ በሀዲያ ምድር ከሆሣዕና ባሻገር የምትገኝ የጊቤ ወረዳ ከተማ ናት። በዙሪያዋ የሚታየው እንሰት እንጂ የጥይት ፋብሪካ አይደለም። ይሁን እንጂ በአምቦ አቅራቢያ ያለው የጥይት ፋብሪካ «ሆሚቾ» ስለሚባል፣ የስሙ መቀራረብ አንዳንዱን ሰው ያሳስታል። እኛም ይህንኑ ምክንያት አድርገን፣ በሆመቾም ሆነ በሌላ ስፍራ ለሚማሩ ወጣቶችና በየጽሕፈት ቤቱ ሥራ ለጀመሩ ሹማምንት፣ የጦር መሣሪያ ወደ ውጭ አገር ስለሚላክበት ፈቃድ ጥቂት ልንናገር ወደድን።

ጠመንጃ እንደ ቡና ወይም እንደ ቆዳ ነጋዴው ለወደደው ሁሉ የሚሸጠው ዕቃ አይደለም። ሻጩ ምን ያህል፣ ለማንና ለምን ተግባር እንደሚልክ ጽፎ ለመንግሥቱ ያመለክታል፤ ገዢውም መሣሪያውን ራሱ እንደሚገለገልበትና ለሌላ እንደማያስተላልፍ የማረጋገጫ ወረቀት ይሰጣል። ፈቃዱ ካልተፈረመ ሣጥኑ ከወደብ አይነሣም።

አገራችን የዚህን ወረቀት ክብደት በሚገባ ታውቀዋለች። ነሐሴ 15 ቀን 1922 ዓ.ም. ከእንግሊዝ፣ ከፈረንሣይና ከኢጣልያ ጋር በፓሪስ በተፈረመው ውል፣ የኢትዮጵያ መንግሥት መሣሪያ የመግዛት መብቱ ታውቆለት ነበር። ነገር ግን ጦርነቱ ሲቃረብ፣ በሐምሌ 1927 ዓ.ም. የእንግሊዝ መንግሥት ለኢጣልያም ለኢትዮጵያም የመሣሪያ መላኪያ ፈቃድ እንደማይሰጥ አስታወቀ። ላይ ላዩን ሲያዩት እኩል ፍርድ ይመስላል። ኢጣልያ ግን መድፉንም አይሮፕላኑንም በራሷ ፋብሪካ ትሠራ ነበር፤ ኢትዮጵያ ከውጭ ካልገዛች የምታገኝበት አልነበራትም። ከዚህም የተነሣ ክልከላው በእውነቱ የጎዳው አንደኛውን ወገን ሆነ።

ወረራው መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ተጀመረ። መስከረም 30 ቀን በጄኔቭ የዓለም መንግሥታት ማኅበር አስተባባሪ ኮሚቴ፣ እገዳው በኢጣልያ ላይ ብቻ እንዲጸናና ለኢትዮጵያ እንዲነሣ ሐሳብ አቀረበ። ፈቃዱ ቢገኝም ቅሉ ጊዜው አልፎ፣ ገንዘቡም አጥሮ ነበር። ሚያዝያ 27 ቀን ጠላት አዲስ አበባ ገባ።

ዛሬ ኢትዮጵያ ራሷ ጥይት የምትሠራ አገር ስለ ሆነች፣ ጥያቄው ከሻጭ በኩልም ይመጣል። በ2007 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው ዓለም አቀፍ የጦር መሣሪያ ንግድ ውል፣ መሣሪያው ለዘር ማጥፋት ወይም በሰላማዊ ሰዎች ላይ ለሚፈጸም የጦር ወንጀል እንደሚውል እያወቁ ፈቃድ መስጠትን፣ ውሉን የተቀበሉትን መንግሥታት ይከለክላል።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ማመልከቻ አንድ ቀን የሚቀርብለት ሹም፣ ሁለት ወገኖችን በአንድ ቃል መከልከል ብቻውን ፍርድ እንዳልሆነ፣ ለሁለቱም መፍቀድም እንዲሁ መሆኑን አስቦ፣ ከመፈረሙ በፊት መሣሪያው በማን እጅ እንደሚገባና በማን ላይ እንደሚተኰስ ይመርምር እንላለን።