የማይታየው ተማሪ ሒሳብ

በአሜሪካ የኦሃዮ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2000 የተከፈተው ኢኮት የተባለ ትምህርት ቤት መማሪያ ክፍልም ሆነ የተማሪ ማመላለሻ አውቶቡስ አልነበረውም። ተማሪው ከቤቱ ሆኖ በኮምፒውተር ይማራል፤ ወላጅ ሳንቲም አይከፍልም። ከፋዩ ግዛቱ ሲሆን ክፍያው የሚታሰበው በተመዘገበ ተማሪ ቁጥር ነበር።

ገንዘቡ ተማሪው ከለቀቀው የሰፈር ትምህርት ቤት ድጎማ ላይ እየተቀነሰ ይተላለፍ ነበር (ይህ አሠራር በ2021 ተቀይሯል)። ከሠላሳ ተማሪዎች ሁለቱ ቢወጡ ግን የመምህሩ ደመወዝ አይቀንስም፤ ማሞቂያውም አይጠፋም።

ኢኮት በሕግ ለትርፍ የተቋቋመ አልነበረም። ትርፉ የነበረው በአቅራቢዎቹ ዘንድ ነው። መሥራቹ ሚስተር ዊሊያም ሌገር ሁለት ኩባንያዎች ነበሯቸው፤ አንዱ የአስተዳደር አገልግሎት፣ ሌላው የኮምፒውተር ፕሮግራም ለዚሁ ትምህርት ቤት ይሸጡ ነበር። በጠቅላላው ወደ 200 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተከፍሏቸዋል። ገዢና ሻጭ እንዲህ ሲቀራረቡ ዋጋ እንዴት እንደሚቆረጥ ለመርካቶ ሰው ማስረዳት አያሻም።

በ2016 ግዛቱ ተማሪዎቹ ኮምፒውተር ላይ የቆዩበትን ሰዓት የሚያሳይ መዝገብ ጠየቀ። ትምህርት ቤቱ ክፍያ የተቀበለው ለ15,300 ያህል የሙሉ ጊዜ ተማሪዎች ሲሆን፣ በማስረጃ የተደገፈው ግን የ6,300 ገደማ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ኢኮት በበኩሉ «ግዴታዬ በዓመት 920 ሰዓት ትምህርት ማቅረብ እንጂ ተማሪው መከታተሉን ማሳየት አይደለም» በሚል ተከራከረ። የሁለት ዓመት ተመላሽ ዕዳው 80 ሚሊዮን ዶላር ያህል ደረሰ። ግዛቱ ዕዳውን ከወርሃዊው ክፍያ መቁረጥ ሲጀምር የትምህርት ቤቱ ካዝና ተራቆተ። በጥር 2018፣ በትምህርት ዘመኑ አጋማሽ፣ 12,000 ያህል ተማሪዎችን በትኖ ተዘጋ። የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በዚያው ዓመት ነሐሴ 4 ለ 2 በሆነ ድምፅ ሲፈርድበት፣ ትምህርት ቤቱ ከተዘጋ ወራት አልፈው ነበር።

በፍሎሪዳ ግዛት የመንግሥቱ የኢንተርኔት ትምህርት ቤት የሚሠራው በሌላ ስሌት ነው። ገንዘቡ የሚታሰብለት ተማሪው ትምህርቱን በተሳካ ሁኔታ ሲጨርስ ነው፤ ደላላ ሽያጩ ሳያልቅ ኮሚሽን እንደማይቆረጥለት ማለት ነው። እርግጥ ነው፣ በዚህም ቢሆን ሒሳቡ አይዘጋም። መሐል ላይ ያቋረጠው ተማሪ ወጪ በትምህርት ቤቱ ላይ ይቀራል፤ ማለፊያ ነጥብ በልግስና እንዳይታደል የሚቆጣጠር ሰውም ደመወዝ ይፈልጋል።