ሲሸከሙት የሚቀል፣ ሲተኩሱት የሚታመን፦ በመጠነኛ ገንዘብ የሚገዛ የአደን ጠመንጃ

በኮሎራዶ ተራሮች ወይም በቨርጂኒያው ብሉ ሪጅ አጋዘን የሚያድን ሰው ጠመንጃውን ከንጋት እስከ ምሽት ይሸከማል፤ የሚተኩሰው ግን፣ ያውም ከቀናው፣ አንዴ ነው። ስለዚህ የጠመንጃ ክብደት ትልቅ ጉዳይ ይሆናል። ዳገት ላይ ትንፋሹ የተቆራረጠና ትከሻው የዛለ አዳኝ አነጣጥሮ መምታት ይቸግረዋል። በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በዴንቨር ወይም በሚኒሶታ ከሚኖሩ ወገኖቻችን መካከል አደን ለመጀመር ያሰበ ሰው መሣሪያ ሱቅ ሲገባ፣ ዋጋቸው ከ400 ዶላር ገደማ ተነሥቶ ብዙ ሺህ የሚደርስ ጠመንጃዎች ተደርድረው ያገኛል። በመልክ ሁሉም ይመሳሰላሉ። ልዩነታቸውን ለማያውቅ ሰው ደግሞ ውዱ ሁሉ የተሻለ ይመስለዋል።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። 3 ኪሎ ገደማ የሚመዝንና ርግጫው የሚቻል ጠመንጃ ገዝቶ የተረፈውን ገንዘብ በማነጣጠሪያ መነጽርና በልምምድ ላይ የሚያውል ሰው፣ ውድ መሣሪያ ይዞ ሳይለማመድ ጫካ ከሚገባው ይበልጣል።

የዘሩ አመጣጥ

ዛሬ አዳኞች በብዛት የሚይዙት በእጅ እየተቀረቀረ የሚተኮስ ጠመንጃ፣ ጀርመናዊው ፖል ማውዘር በ1898 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ካወጣው ሞዴል የወረሰው ብዙ ነገር አለ። በሀገራችን ቤልጅግ እየተባለ የሚታወቀው ጠመንጃም የማውዘር ዘር ነው። መቀርቀሪያው ሲዘጋ ጥርሶቹ ከጠመንጃው አካል ጋር ይቆላለፉና የባሩዱን ግፊት ይሸከማሉ። ንድፉ እጅግ ጠንካራ ነበር፤ ለጦር ሜዳ የተሠራ በመሆኑ ግን 4 ኪሎ ያህል ይመዝን ነበር።

ለአደን የማቅለሉ ሥራ ቀስ በቀስ መጣ። ዊንቸስተር በ1936 ያወጣውን ሞዴል 70 በ1952 አፈሙዙን አቅጥኖ ፌዘርዌይት በሚል ስም አቀረበው። በዚያው ዓመት .308 ዊንቸስተር የተባለው ጥይት ገበያ ላይ ዋለ። ይህ ጥይት ከቀድሞው .30-06 በጉልበት ብዙም ሳያንስ የቀለሁ ርዝመት ከ63 ሚሊ ሜትር ወደ 51 ወርዷል። ጥይቱ ሲያጥር መቀርቀሪያውንም፣ መቀርቀሪያው የሚንሸራተትበትን የብረት አካልም ማሳጠር ተቻለ። ከዚያ ወዲህ ቀላል ጠመንጃ የሚሠሩ ፋብሪካዎች በብዛት የሚነሡት ከአጭር ጥይት ነው።

ዋጋው እንዴት ረከሰ?

ድሮ የጠመንጃ ዋጋ አብዛኛው የእጅ ሥራ ነበር። የዋልነት እንጨት ሰደፍ ይጠረባል፤ አፈሙዙ ከአካሉ ጋር በባለሙያ ልክክ ተደርጎ ይገጠማል። ሳቬጅ በ1958 ባወጣው ሞዴል 110 አፈሙዙን በዳዶ ማጥበቅ ጀመረ። ሠራተኛው በአፈሙዙና በመቀርቀሪያው መካከል ያለውን ርቀት በመለኪያ ያስተካክልና ዳዶውን ያጠብቃል፤ ብዙ ሰዓት የሚፈጀው የእጅ ሥራ በዚህ ቀረ። ኋላ ላይ በቅርጽ ማውጫ የሚፈስ የፕላስቲክ ሰደፍ መጣ። አፈሙዝም ውስጡ ጥምዝ መስመር የተቀረጸበት ዘንግ እየተከተተበት ከውጭ በማሽን መዶሻ እየተቀጠቀጠ በደቂቃዎች ውስጥ መሠራት ቻለ።

ከ2010 ወዲህ የወጡት ሳቬጅ አክሲስና ሩገር አሜሪካን የዚህ ሁሉ ውጤት ናቸው። ያለ መነጽር ከ2.8 እስከ 3 ኪሎ ያህል ይመዝናሉ፤ ዋጋቸውም በአብዛኛው ከ400 እስከ 600 ዶላር አካባቢ ነው። ትንሽ ጨምሮ መክፈል ለሚችል የፊንላንዱ ቲካ ቲ3ኤክስ ላይት አለ፤ መቀርቀሪያው እጅግ በለሰለሰ ሁኔታ ይንሸራተታል። ከቲታኒየምና ከካርቦን ፋይበር የሚሠሩት ከ2.5 ኪሎ በታች ይወርዳሉ፤ ዋጋቸው ግን ከ2,000 ዶላር ሊያልፍ ይችላል። ለተራ አዳኝ ግማሽ ኪሎ ለመቀነስ ያን ያህል መክፈል አያዋጣም።

ቅለት የሚያስከፍለው

ጠመንጃ ሲቀል ርግጫው ይከብዳል። በአንድ ዓይነት ጥይት ጠመንጃው ከ4 ኪሎ ወደ 3 ኪሎ ቢወርድ ትከሻ ላይ የሚያርፈው ጉልበት በሲሶ ይጨምራል። ርግጫ የሚፈራ ተኳሽ ቃታውን ከመሳቡ በፊት ዓይኑን ይጨፍናል፣ ትከሻውን ያሸሻል፤ ጥይቱም ካሰበው ቦታ ይርቃል። ስለዚህ ቀላል ጠመንጃ የሚገዛ ሰው ለዘብ ያለ ጥይት ይምረጥ። .243 ዊንቸስተር (1955)፣ 7 ሚሊ ሜትር-08 ሬሚንግተን (1980) እና 6.5 ክሪድሙር (2007) ሦስቱም አጭር አካል ላይ የሚገጥሙ፣ ለአጋዘን የሚበቁ፣ ከ.308 ያነሰ የሚራገጡ ናቸው። ማግነም የሚባሉትን ኃይለኛ ጥይቶች በ3 ኪሎ ጠመንጃ መተኮስ ለጀማሪ አይመከርም።

ቀጭን አፈሙዝ ቶሎ ይግላል፤ ሲግል ደግሞ የጥይቶቹ ማረፊያ ሊበታተን ይችላል። ይህ ለውድድር ተኳሽ ችግር ነው። ለአዳኝ ዋናው በቀዝቃዛ አፈሙዝ የሚተኮሰው የመጀመሪያው ጥይት ስለሆነ፣ በልምምድ ጊዜ ሁለት ሦስት ተኩሶ ብረቱ እስኪበርድ መታገሥ ይበቃዋል። ቀላል ጠመንጃ እጅ ላይም ረግቶ አይቀመጥም፤ የልብ ምትና ነፋስ ይወዘውዙታል። መድኃኒቱ ቁጭ ብሎ ወይም ተንበርክኮ፣ ማንገቻውን ክንድ ላይ አጥብቆ፣ ድንጋይ ወይም ግንድ ተደግፎ መተኮስ ነው።

ሱቅ ውስጥ ምን ይታይ?

ከሁሉ በፊት ጠመንጃው ባዶ መሆኑ በዓይንም በጣትም ይረጋገጥ። ከዚያ ትከሻ ላይ ያስደግፉት፤ ጉንጭ ሰደፉ ላይ ሲያርፍ ዓይን ያለ ጭንቀት ከመነጽሩ መሐል ሊውል ይገባል። ሻጩን አስፈቅደው ቃታውን ይሞክሩ። ቃታው እጅግ ከጠነከረ ቀላሉን ጠመንጃ ከዒላማው ያነቃንቀዋል፤ የሚስተካከል ቃታ ያለውን መምረጥ ይሻላል። በአፈሙዙና በሰደፉ መካከል ወረቀት አስገብተው ወደ ኋላ ይሳቡት፤ ሳይያዝ ካለፈ አፈሙዙ ሰደፉን አልነካም ማለት ነው፤ ይህም ጥሩ ምልክት ነው። ያገለገለ ጠመንጃ ከሆነ መቀርቀሪያውን አስወጥተው ውስጡን በብርሃን ይመልከቱ፤ ዝገትና ጉድጓድ ካለ ይተውት።

ካለዎት ገንዘብ ግማሹን ብቻ ለጠመንጃው ይመድቡ። ሩቡ ለመነጽርና ለማሰሪያው ይሁን፤ ንጋትና ምሽት ላይ አጋዘን የሚታየው በጥሩ መስታወት ነው። የቀረው ለጥይት፣ ለፈቃድና ለጆሮ መከላከያ ይዋል። የጠመንጃ ድምፅ ጆሮን በአንዴ ሊጎዳ ከሚችለው 140 ዴሲቤል ያልፋል፤ አፈሙዙ ባጠረ ቁጥር ደግሞ ይብሳል።

ሕጉ

በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ፈቃድ ካለው ነጋዴ የአደን ጠመንጃ ለመግዛት ቢያንስ 18 ዓመት መሙላትና በጀርባ ታሪክ ምርመራ ማለፍ ያስፈልጋል። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ሌላ የሚከለክለው ነገር ከሌለ መግዛት ይችላል። በጎብኚ ወይም በተማሪ ቪዛ ያለ ሰው ግን እንደ አደን ፈቃድ ያለ ሕጉ የሚያውቀው ልዩ ምክንያት ከሌለው ጠመንጃ መያዝ አይፈቀድለትም። ክልሎች የየራሳቸው ተጨማሪ ሕግ አላቸው፤ ካሊፎርኒያ ለምሳሌ ከ2019 ጀምሮ በእርሳስ ጥይት ማደንን ከልክላለች። አብዛኞቹ ክልሎች አዲስ አዳኝ ፈቃድ ከማውጣቱ በፊት የአደን ደኅንነት ትምህርት እንዲወስድ ያስገድዳሉ። ባያስገድዱም ይማሩት፤ ሌላው ዕቃ ሁሉ ከእርሱ በኋላ ይደርሳል።

የአጋዘን ልብና ሳንባ ያሉበት ቦታ ስፋቱ 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ዛሬ በ500 ዶላር የሚገዛ ጠመንጃ በ100 ሜትር ጥይቶቹን 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ቦታ ላይ መሰብሰብ አይከብደውም። ስለዚህ መሣሪያው ይበቃል፤ መፈተን ያለበት የያዘው ሰው ነው። ጫካ ከመግባትዎ በፊት የ20 ሴንቲ ሜትር ሳህን ሰቅለው፣ ጠረጴዛ ሳይደገፉ፣ በአደን ጊዜ በሚተኩሱበት አኳኋን ይሞክሩ። ደጋግመው ሳይስቱ የሚመቱበት ርቀት የእርስዎ ወሰን ነው፤ ከዚያ አልፎ የቆመ አጋዘን የቱንም ያህል ቢያምር አይተኮስበትም። እንስሳው ሳይሠቃይ በአንድ ጥይት እንዲወድቅ ማድረግ የአዳኝ ግዴታ ነው፤ ከጠመንጃው ላይ የቆጠቡት ገንዘብም ለዚህ ልምምድ የሚሆን ጥይት ይግዛ።