ለልጅ ልጄ የሰፋሁት «ድሪቶ»

ልጄ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ስትል ላርሳት ወደ አሜሪካ እንድሄድ ተነጋገርን። ቪዛው ተገኘ፣ ትኬቱም ተቆረጠ። ቀን ስቆጥር የቀረኝ 21 ቀን ነበር። በርበሬው ተዘጋጅቷል፣ የገንፎው እህልም ተፈጭቷል። የቀረው በልቤ ያሰብኩት ስጦታ ነው፦ በገዛ እጄ የተሰፋ የሕፃን ብርድ ልብስ፣ ከአንሶላው፣ ከትራሱና በአልጋው ዙሪያ ከሚታሰረው ወፍራም መከለያ ጋር።

ብርድ ልብሱን ከአዲስ ጨርቅ ብቻ ልሠራው አልፈለግሁም። ሳጥኔ ውስጥ የልጄ የአንደኛ ደረጃ ዩኒፎርም፣ የእናቴ ቀሚስ፣ ነርስ ሆኜ ስሠራ የለበስኩት ነጭ ጋዋንና የሟች ባለቤቴ ሦስት ሸሚዞች ነበሩ። የምትወለደው ልጅ አያቷን አታውቀውም። ቢያንስ ሸሚዙን ትንካው ብዬ ነው።

ጎረቤቴ ቁርጥራጩ አልጋ ላይ ተደርድሮ ስታይ፣ «ሲስተር፣ ድሪቶ ተሸክመሽ አሜሪካ ልትገቢ ነው?» ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። አሠራሩ በእርግጥ የድሪቶ ነው።

ሥራውን በቀን ከፋፈልኩት። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ለማጠብ፣ ለመተኮስና ለመቁረጥ ሆኑ። ጊዜ ሲያጥር ሰው ቶሎ የሚዘለው ማጠቡን ነው። ነገር ግን አዲስ የጥጥ ጨርቅ መጀመሪያ ሲታጠብ ይሰበሰባል፤ አሮጌው ደግሞ ተሰብስቦ ያለቀ ነው። ሁለቱ ሳይታጠቡ አብረው ከተሰፉ ገና በመጀመሪያው እጥበት ይጨማደዳሉ። ለገበርና ለአንሶላ የገዛሁትን አቡጀዲ በሙቅ ውሃ ሁለት ጊዜ አጠብኩት።

ከካርቶን 12 በ12 ሳንቲ ሜትር የሆነ ልክ ቆርጬ፣ በእሱ እየለካሁ 99 ቁራጭ አወጣሁ። በየጎኑ 1 ሳንቲ ሜትር ለስፌት ሲገባ እያንዳንዱ 10 በ10 ይሆናል። ዘጠኝ ወደ ጎን፣ አሥራ አንድ ወደ ታች ሲገጣጠም 90 በ110 ሳንቲ ሜትር ይመጣል። መሃሉ ላይ የተነደፈ ጥጥ ላስገባ አስቤ ነበር፤ ልቅ ጥጥ ግን ሲታጠብ ይጓጉላል። ስለዚህ የባለቤቴን አሮጌ ጋቢ አወጣሁ። ጋቢ አራት ድርብ ስለሆነ እንዳይከብድ ሁለቱን ብቻ ወሰድኩ።

መብራት ሲጠፋ የእግር ሲንጀሬ አይቆምም፤ የሚቆመው ካውያው ነው። ስለዚህ መብራት ሲኖር እተኩሳለሁ፣ ሲጠፋ መስኮት ሥር እሰፋለሁ። ይህም ሆኖ በ12ኛው ቀን ያለቀው የብርድ ልብሱ ፊት ብቻ ነበር። ገበሩ፣ ጠርዙ፣ ሁለት አንሶላ፣ ትራስና መከለያ ይቀራሉ። ሌሊት እስከ ሰባት ሰዓት መቀመጥ ጀመርኩ። እግሬ አበጠ። የደም ግፊት መድኃኒቴን ሁለት ቀን ረሳሁ።

በዚያ ሰሞን ልጄ ደወለች። «እማዬ፣ እስካሁን እየሰፋሽ ነው እንዴ?» አለችኝ። የቀረኝን ስዘረዝርላት ዝም አለች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ «ሆስፒታል ትምህርት ሰጥተውን ነበር። አልጋዋ ውስጥ ትራስም፣ ብርድ ልብስም፣ መከለያም አይገባም፤ አንሶላ ብቻ ነው አሉን። እንዳትቀየሚኝ» አለች።

ተቀየምኩ። «እናንተን በብርድ ልብስ ጠቅልለን አላሳደግንም ወይ?» እያልኩ ለራሴ ሳጉረመርም አመሸሁ። ጠዋት ስነሳ ግን አፈርኩ። ጡረታ ከመውጣቴ በፊት እናቶችን ያንኑ ነገር ሳስተምር የኖርኩት እኔው ነኝ። አያት ስሆን ነርስነቴን ረሳሁት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጨቅላ ሕፃን ፊቱ ላይ የመጣበትን ጨርቅ በእጁ ገፍቶ ማንሳት አይችልም። ትራስ፣ ወፍራም ብርድ ልብስና ለስላሳ መከለያ አፍና አፍንጫውን ሊያፍኑት ይችላሉ። ስለዚህ እስከ አንድ ዓመቱ ድረስ ሲተኛ በጀርባው፣ ጠንከር ባለና በተስተካከለ ፍራሽ ላይ፣ ልክክ ባለ አንሶላ ብቻ መሆን አለበት። እኛ ስንማር «በጎኑ አስተኙት» ይባል ነበር፤ ያ ምክር ተቀይሯል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1994 አሜሪካ ውስጥ ሕፃናት በጀርባቸው እንዲተኙ የሚያስተምር ዘመቻ ከተጀመረ ወዲህ፣ በእንቅልፍ ላይ ድንገት የሚሞቱ ሕፃናት ቁጥር በእጅጉ ቀንሷል። ወፍራሙ የአልጋ መከለያም በ2022 እዚያ እንዳይሸጥ በሕግ ታግዷል።

«ታዲያ ይብረደው ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። አይብረደው። ሙቀቱ ከላይ ከሚጣልበት ሳይሆን ከሚለብሰው ይምጣ። በርዶት እንደሆነ ለማወቅ እጁን ሳይሆን ደረቱን ወይም ማጅራቱን ዳስሱ፤ የሕፃን እጅ ደህና ሆኖም ይቀዘቅዛል። ብርድ ይመታዋል ብለን ፊቱን በነጠላ መሸፈናችንንም እንተው።

የቀሩኝን ሥራዎች እንደገና አየኋቸው። ትራሱንና መከለያውን ሰረዝኩ። ስምንት ቀን ይፈጃል ብዬ የፈራሁት ሥራ ወደ አምስት ወረደ። ለ71 በ132 ሳንቲ ሜትር ፍራሽ ልክክ እንዲሉ ጠርዛቸው ላይ ላስቲክ ያላቸው ሁለት አንሶላዎች ሰፋሁ። ከብርድ ልብሱ ጋር እንዲመሳሰሉ የተረፈኝን የሸሚዝ ጨርቅ በማይታየው በታችኛው እጥፋት በኩል አዞርኩት። ብርድ ልብሱ ደግሞ ወለል ላይ ተነጥፎ፣ እናቷ እያየቻት በሆዷ የምትጫወትበት ይሆናል አልኩ።

ልሄድ ሁለት ቀን ሲቀረኝ ጠርዙን ጨረስኩና እስፒሎቹን ቆጠርኩ። ሥራ ስጀምር 40 መሆናቸውን ወረቀት ላይ ጽፌ ነበር። 39 ሆኑ። ወለሉን ጠረግሁ፣ ቀሚሴን አራገፍኩ፤ የለም። ወጣት ሳለሁ ቀዶ ሕክምና ክፍል ሠርቻለሁ። እዚያ ሐኪሙ ቢቸኩልም ፋሻውና መሣሪያው ተቆጥሮ ልክ ሳይሆን ስፌት አይዘጋም። ለአዋቂ ሆድ ያደረግነውን ለሕፃን ምንጣፍ እንዴት አላደርግም? ከተበላሸ ሬዲዮ ድምፅ ማጉያ ያወጣሁትን ማግኔት ብርድ ልብሱ ላይ ቀስ እያልኩ አሳለፍኩ። አንዱ ማዕዘን ላይ ጨርቁ ከማግኔቱ ጋር ተነሳ። የሰፋሁትን ጠርዝ ፈታሁ። እስፒሉ ጋቢውና ገበሩ መሃል ተጋድሞ አገኘሁት። ያንን ማዕዘን መልሼ ስሰፋ ነጋ።

የልጅ ልጄ በሰላም ተወለደች። በባዶ አልጋዋ፣ በአንሶላዋ ላይ ብቻ ተኝታ አደገች። ቀን ቀን ግን አያቷ ሸሚዝ ላይ በሆዷ ተኝታ አንገቷን ማቅናት ተማረች።

ባለፈው ወር አንድ ዓመት ሞላት። እናቷ ፎቶ ላከችልኝ፤ «ድሪቶውን» ለብሳ ተኝታለች። ትራሱ አሁንም ሳይሰፋ ሳጥኔ ውስጥ አለ። አሁን አያስቸኩልም።