«ቫይራል እናደርግልዎታለን» የሚለው ተረት

በዲጂታል ማስታወቂያ ገበያ ብዙ ሰው ሳይጠይቅ የተቀበለው አንድ እምነት አለ። አንድ ቪዲዮ በሚሊዮን የሚታየው ምስጢር ስላለው ነው፤ ምስጢሩን የሚያውቅ ባለሙያ ደግሞ ለሆቴልም፣ ለአስጎብኚ ድርጅትም፣ ለባህል ቢሮም ደጋግሞ ሊሠራው ይችላል ይባላል። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሰከንዶች እንዲህ ይሁኑ፣ ሙዚቃው ይህ ይሁን፣ ማታ ይለጠፍ፣ አንድ ታዋቂ ቲክቶከር ይጨመርበት፤ ከዚያ ሕዝቡ ራሱ ይቀባበለዋል። ይህ እምነት ጎንደርን ከሌላ ከተማ ይልቅ ያጓጓል። ከተማዋም ሆነች ከእሷ በላይ ያለችው የስሜን ተራሮች መግቢያ ደባርቅ ከእንግዳ ብዙ የሚጠብቁ ናቸው፤ ኮሮና፣ የሰሜኑ ጦርነትና ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል የቀጠለው ግጭት ደግሞ እንግዳውን አርቀውባቸዋል። አልጋው ባዶ ያደረበት የሆቴል ባለቤት «አንድ ቪዲዮ ብቻ» የሚለውን ቃል ቢሰማ አይፈረድበትም። ማስረጃው የሚያሳየው ግን ሌላ ነው። አንድ ሥራ የመሰራጨት ዕድሉን ከፍ ማድረግ ይቻላል፤ ስርጭቱን በትእዛዝ ማምረት ግን አይቻልም። ከጎንደር ተነሥቶ በእርግጥ ዓለምን ያዳረሰው ነገርም ማንም የማርኬቲንግ ባለሙያ ያመረተው አይደለም።

እምነቱ ጨርሶ መሠረት የለውም ማለት ግን ስሕተት ይሆናል። የፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲዎቹ ጆና በርገርና ካትሪን ሚልክማን በ2012 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት 7,000 የሚጠጉ የኒው ዮርክ ታይምስ ጽሑፎችን መርምረው፣ አንባቢ በኢሜይል ለሌላ ሰው አብዝቶ የሚልከው የትኛውን እንደሆነ ለይተዋል። ግርምት፣ ቁጣና ስጋት የሚቀሰቅሱ ጽሑፎች ይበልጥ ይላካሉ፤ ሐዘን የሚያሳድሩት ያነሰ ይላካሉ። ዋናው ነገር ስሜቱ ሰውን ማነሣሣቱ ወይም ማደንዘዙ ነው። በዚህ መለኪያ ሰሜን ጎንደር ባለጸጋ ነው። በስሜን ተራሮች ሳንቃበር ላይ በመቶ የሚቆጠሩ ጭላዳዎች ገደል አፋፍ ላይ ተቀምጠው ሣር ሲነጩ አይቶ የማይገረም ሰው ጥቂት ነው፤ ቢቢሲ በ2006 እ.ኤ.አ. «ፕላኔት ኧርዝ» የተባለውን ዘጋቢ ፊልም ሲሠራ ለተራሮች ክፍል ካሜራውን ወደ ስሜን የወሰደውም ለዚህ ይመስለኛል። ነገር ግን ጥናቱ የሚናገረው ስለ አማካይ ነው። የሚያስገርም ነገር ከማያስገርመው የተሻለ ዕድል አለው ይላል እንጂ፣ ይህ የእርስዎ ቪዲዮ ይሰራጫል አይልም። ባለሙያ ነኝ ባዩ የሚሸጠው ደግሞ ሁለተኛውን ነው።

በዕድልና በውጤት መካከል ያለውን ክፍተት ብዙዎች በጥራት ይሞሉታል፤ ጥሩ ሥራ መንገዱን ራሱ ያገኛል ይላሉ። ይህን የፈተነ ሙከራ በ2006 እ.ኤ.አ. «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ወጥቷል። ማቲው ሳልጋኒክ፣ ፒተር ዶድስና ደንከን ዋትስ 14,341 ሰዎችን ወደ አንድ ድረ ገጽ ስበው የ48 የማይታወቁ ባንዶችን ዘፈኖች አቀረቡላቸው። ከፊሎቹ ሌላው ሰው ምን እንደወደደ ሳያዩ መረጡ። የቀሩት እርስ በርስ በማይተያዩ ስምንት ቡድኖች ተከፍለው፣ በየቡድናቸው እያንዳንዱ ዘፈን ስንት ጊዜ እንደወረደ እያዩ መረጡ። ዘፈኖቹ ያው ናቸው፣ አድማጩም ተመሳሳይ ነው፤ ደረጃው ግን በየቡድኑ ተለያየ። «ሎክዳውን» የተባለው ዘፈን የሌላውን ምርጫ ሳያዩ ባዳመጡት ዘንድ 26ኛ ነበር፤ ከቡድኖቹ በአንዱ 1ኛ ወጣ፣ በሌላው 40ኛ። እጅግ ጥሩዎቹ እምብዛም ወደ ታች አልወረዱም፣ እጅግ ደካሞቹም አናት ላይ እምብዛም አልወጡም። በመካከል ያለው ሰፊው ክፍል ግን መጀመሪያ ላይ ጥቂት ሰዎች በአጋጣሚ ያነሡትን ተከትሎ ነጎደ። ስለዚህ የተሳካን ቪዲዮ ዛሬ ላይ ሆኖ «የተሳካው በዚህ ምክንያት ነው» ማለት ቀላል ነው፤ በሌላው ቡድን የወደቀው ያው ዘፈን ግን የወደቀው ያንኑ ምክንያት እንደያዘ ነበር።

«ሕዝቡ ራሱ ይቀባበለዋል» የሚለውም እንደሚባለው አይደለም። ሻራድ ጎኤልና ባልደረቦቹ በትዊተር የተካሄዱ አንድ ቢሊዮን ስርጭቶችን መርምረው በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ ከሰው ወደ ሰው የተዘረጋ ረጅም ሰንሰለት ብርቅ መሆኑን አሳይተዋል። ብዙ ሕዝብ ያየው ነገር በአብዛኛው ብዙ ሕዝብ ያየው፣ ብዙ ተከታይ ያለው አንድ ገጽ ወይም አንድ ትልቅ መገናኛ ብዙኃን ስላነሣው ነው። ሕዝብ የመረጠው የሚመስለውም ሁልጊዜ የሕዝብ ምርጫ አይደለም፤ ፎርብስ በጥር 2023 እ.ኤ.አ. እንደዘገበው የቲክቶክ ሠራተኞች አንዳንድ ቪዲዮዎችን ራሳቸው እየመረጡ ዕይታቸውን ያሳድጋሉ፤ በድርጅቱ ውስጥ አሠራሩን «ማሞቅ» ይሉታል። ከደባርቅ የሚለጥፍ አስጎብኚ ይህን ማወቅ አለበት። ቪዲዮው አልታየም ማለት ቪዲዮው መጥፎ ነው ማለት አይደለም፤ ታየ ማለትም የሚደገም ብልሃት ተገኘ ማለት አይደለም።

ጎንደርን በዓለም ያስተዋወቀው ምስል የታወቀ ነው። ጥር 11 ማለዳ፣ ጸሎቱ ደርሶ ውኃው ከተባረከ በኋላ፣ ወጣቶች ከፋሲለደስ ባሕረ ጥምቀት ቅጥር ላይ ወደ ውኃው ሲዘሉ የሚያሳየው ነው። ይህን ምስል ማንም አላዘዘም። ውኃው ከቀሃ ወንዝ ተመርቶ ገንዳውን እስኪሞላ ቀናት ይወስዳል፤ በዋዜማው በከተራ ታቦታቱ ከየአድባራቱ ወጥተው በካህናቱ ዝማሬና በሕዝቡ ሆታ ታጅበው ይወርዳሉ፤ ምእመኑ ሌሊቱን እዚያው ያድራል። ከሃያ ሰከንዱ ቪዲዮ ጀርባ በዘመናት የጸና ሥርዓትና ክፍያ የማይጠይቅ የሺህ ሰዎች ድካም አለ። ዩኔስኮም በ2019 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያን የጥምቀት በዓል በማይዳሰሱ የሰው ልጅ ቅርሶች ዝርዝር ሲያስገባ የመዘገበው ይህን ሥርዓት ነው። ቪዲዮውን የሚልከው ሰው ደግሞ ማስታወቂያ እየላከ መሆኑን አያስብም። ዋሽንግተን ያለ ጎንደሬ ለእህቱ ሲልክላት «እንኳን አደረሰሽ» ማለቱ ነው፤ ለሥራ ባልደረባው ሲያሳየው «አገሬ ይህ ነው» ማለቱ ነው። ቪዲዮው ለላኪው አንድ ሥራ ይሠራለታል፤ የተላከውም ለዚያ ነው። የማርኬቲንግ ድርጅት ገንዳ ሞልቶ፣ ወጣት ቀጥሮ፣ በድሮን ቀርጾ የሚመሳሰል ነገር ሊያወጣ ይችላል። ሰው ለእህቱ የሚልክበትን ምክንያት ግን ከየትም ሊያመጣው አይችልም።

አገራችን ይህን የምታውቀው ከኢንተርኔት በፊት ነው። የጥንት ገዢዎች የሕዝቡን ስሜት ለማወቅ «እረኛ ምን አለ?» ብለው ይጠይቁ ነበር ይባላል። በጎንደርና በጎጃም ደጋ አንድ ስንኝ ከእረኛ ወደ ገበያ፣ ከገበያ ወደ ከተማ ሲጓዝ ባለቤቱ እንኳ አይታወቅም ነበር። ገዢው ሠራዊት ነበረው፣ ግብር የሚያበላው አዝማሪም ነበረው፤ አዝማሪው በፊቱ እንዲያወድሰው ማድረግ ይችላል፣ እረኛው ግን ያንን ውዳሴ ተቀብሎ በየመስኩ እንዲያዜመው ማድረግ አይችልም። የተከፈለበት ውዳሴና በራሱ የተስፋፋ ስንኝ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ሁሉም ያውቅ ነበር። የዛሬው የኢንፍሉዌንሰር ገበያ የሚያደባልቀው እነዚህን ሁለቱን ነው። አዝማሪው ራሱም ከተከፋይነት የሚወጣበት ሰዓት አለው፤ አድማጩ «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ሲሰጠው ዘፈኑ የአድማጩ ይሆናል፤ ከቤቱ ወጥቶ የሚደግመውም የራሱን ስንኝ ነው። በቲክቶክም ሌሎች እየተቀበሉ የራሳቸውን የሚጨምሩበት ሥራ ብዙ ርቆ የሚሄድ ይመስለኛል። ይህ ጥሩ ምክር ነው፤ ዋስትና ግን አይደለም።

መድገም ይቻላል ለሚሉ መልስ የሚሆኑ ሁለት ትልልቅ ምስክሮች ዓለም አሏት። በ2014 እ.ኤ.አ. በረዶ የተቀላቀለበት ውኃ ራስ ላይ የማፍሰስ ዘመቻ ኤ.ኤል.ኤስ. ለተባለው የነርቭ በሽታ በአሜሪካ ላለው ማኅበር 115 ሚሊዮን ዶላር አስገኘ። በቀጣዩ ክረምት ያው ማኅበር፣ ያው ዘዴ፣ ከበፊቱ የበለጠ ዝግጅት ነበረ፤ የተገኘው ገንዘብ ከመጀመሪያው ጋር የሚወዳደር አልነበረም። «ኮኒ 2012» የተባለው ስለ ኡጋንዳው የአማፂ መሪ የተሠራ ቪዲዮ ደግሞ በስድስት ቀናት 100 ሚሊዮን ጊዜ ታየ። አዘጋጆቹ ከሳምንታት በኋላ፣ ሚያዝያ መካከል ላይ፣ ተመልካቹ ጎዳና ወጥቶ ከተሞችን በፖስተር እንዲያለብስ ሲጠሩት የመጣው ሰው ጥቂት ነበር። ምስጢሩ በእጃቸው የነበረ ሰዎች ናቸው ያልተሳካላቸው።

እዚህ ላይ የሚነሣ ትክክለኛ ተቃውሞ አለ። በየጊዜው የሚሳካላቸው ሰዎች እያየን እንዴት አይደገምም ይባላል? ቴዲ አፍሮ በ2004 ዓ.ም. «ጥቁር ሰው»ን፣ በ2009 ዓ.ም. «ኢትዮጵያ»ን ሲያወጣ ሁለቱም አገር አነጋገሩ፤ ሁለተኛው የቢልቦርድን የዓለም አልበሞች ሰንጠረዥ እስከ መምራት ደረሰ። ግን የተደገመው ምንድን ነው? ለዓመታት የተገነባ አድማጭ፣ በሁለቱ አልበሞች መካከል አምስት ዓመት የወሰደ ሥራ፣ ሰው ስለ ራሱ ታሪክ የሚከራከርበት ርዕስ ነው። ከላይ እንዳልሁት ትልቅ አሰራጭ የሚያነሣው ይሰራጫል፤ ድምፃዊው ራሱ አሰራጭ ሆኗል። በየሳምንቱ «ቫይራል የሚወጡ» ቲክቶከሮችም እንዲሁ ናቸው። የምናያቸው የተሳካላቸውን ነው፤ በየቀኑ ለጥፈው ማንም ያላያቸውን አናውቃቸውም፣ የተሳካላቸውም ያልታዩላቸውን ሥራዎች አይነግሩንም። ተከታይ ማፍራት የሚቻል ነገር ነው። ግን የዓመታት ሥራ ነው፤ ለጥምቀት ሳምንት ሲቀረው የሚፈረም ውል አያመጣውም።

ሌላው ተቃውሞ ያሳስበኛል። «ስሜት ይሸጣል ካላችሁ ቁጣ አለ» የሚሉ አሉ፤ ልክ ናቸው። የበርገርና የሚልክማን ጥናት ስርጭትን ከፍ ከሚያደርጉ ስሜቶች አንዱ ቁጣ መሆኑን አሳይቷል። ፌስቡክም ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቁጣውን ምልክት ጨምሮ የስሜት ምልክቶችን ከላይክ አምስት እጥፍ ያስቆጥር እንደነበረ ከውስጥ የወጡ ሰነዶች አሳይተዋል፤ ሰነዶቹን ያወጣችው ፍራንሲስ ሃውገን በ2021 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ምክር ቤት ስትመሰክር ኢትዮጵያን በስም ጠቅሳለች። በትዊተር 126,000 ወሬዎችን የተከታተለው የ2018 እ.ኤ.አ. ጥናት ደግሞ ሐሰተኛው ከእውነተኛው ይልቅ መልሶ የመጋራት ዕድሉ በ70 በመቶ እንደሚበልጥ አግኝቷል። ስለዚህ ለመስፋፋት ከሁሉ የቀረበው መንገድ ሰውን ማስቆጣትና መዋሸት ነው። በዚህ መንገድ ተከታይ የሚሰበስቡ ገጾች በአማርኛም ሞልተዋል። ወንድም በወንድሙ ላይ በተነሣበት አገር፣ ቤተሰብ ያጣ ሰው በሚኖርባቸው በዳባትና በደባርቅ አካባቢ፣ ይህን «የማርኬቲንግ ስልት» ብሎ ማስተማር ወንጀል ነው እላለሁ። ሕጉም ቢሆን ዝም አላለም፤ የጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ የተሰራጨ ሐሰተኛ መረጃን ቅጣቱን ከፍ አድርጎ ይቀጣል።

ከሁሉ የሚከፋው ተረት ግን ዕይታ ገበያ ነው የሚለው ነው። ጥምቀት በዩኔስኮ ከተመዘገበ በኋላ በተከበረው የመጀመሪያው በዓል፣ ጥር 11 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ በባሕረ ጥምቀቱ ለተመልካች የተሠራ የእንጨት መቀመጫ ተደርምሶ ቢያንስ 10 ሰዎች ሞቱ። ያን ቀን የጎንደር ስም በሰዓታት ውስጥ በዓለም መገናኛ ብዙኃን ላይ ነበር። «መታየት ብቻ ጥሩ ነው» የሚል ሰው ያን ዕለት ያስታውስ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር፤ ስለ ጎንደር የሚሰራጨውን የሚያዩት በአዲስ አበባና በውጭ አገር ያሉት ነበሩ፣ የጎንደር ነጋዴ ግን የራሱን ከተማ ቪዲዮ እንኳ መክፈት ይቸግረው ነበር። የጭላዳን ቪዲዮ አሥር ሚሊዮን ሰው ቢያየውና መንገዱ ሰላም ባይሆን፣ ደባርቅ ላይ በቅሎ የሚያከራይ ገበሬ ከዚያ ምንም አያገኝም። ሰላም ሲኖር ደግሞ እንግዳውን የሚያመጣው በአብዛኛው ትንሽና አሰልቺ የሚባለው ነገር ነው፤ የሚነሣ ስልክ፣ በካርታ ላይ በትክክል የተመለከተ ቦታ፣ ዋጋው የተጻፈበት ገጽ፣ ለቀረበ ጥያቄ በዕለቱ የሚሰጥ መልስ።

የሆቴልና የአስጎብኚ ድርጅት ባለቤቶች፣ የባህልና ቱሪዝም ኃላፊዎችም፣ ለማስታወቂያ ገንዘብ ማውጣት ተገቢ ነው፤ ጥሩ ካሜራ ባለሙያ ቅጠሩ፣ ደጋግማችሁ ለጥፉ፣ የታየውንም ያልታየውንም መዝግቡ። «ቫይራል እናደርጋለን» የሚል ወይም የዕይታ ቁጥር ቃል የሚገባ ውል ከቀረበላችሁ ግን አትፈርሙ። ገንዘቡን ለጥምቀት ተመልካች የሚበቃ ጽኑ መቀመጫ ለማሠራትና ስልክ የሚያነሣ ሠራተኛ ለመቅጠር አውሉት።