በኮምፒውተር ሳይንስ ንድፈ ሐሳብ መስክ ጥናት ለጉባኤ የሚቀርብበት ሥርዓት

በአብዛኞቹ የሙያ መስኮች የአንድ ተመራማሪ የሥራ ፍሬ የሚመዘነው በጆርናል በታተሙ ጽሑፎቹ ነው። ጉባኤ በአንጻሩ ሐሳብ የሚንሸራሸርበትና ትውውቅ የሚደረግበት መድረክ ተደርጎ ይወሰዳል። በኮምፒውተር ሳይንስ፣ በተለይም ንድፈ ሐሳብን በሚመለከተው ዘርፍ ግን አሠራሩ ከዚህ የተለየ ነው። በዚህ ዘርፍ አብዛኞቹ ታላላቅ ግኝቶች በቅድሚያ ለሕዝብ የሚቀርቡት፣ ጥብቅ ውድድርም የሚካሄደው በጉባኤዎች ላይ ነው። የደረጃ ዕድገት የሚመረምሩ ኮሚቴዎች፣ የውጭ ጉዞ የሚፈቅዱ ኃላፊዎችና የክፍያ ጥያቄ የሚያስተናግዱ ሠራተኞች ይህንን ልዩነት ካልተገነዘቡ የዓመታት ድካም ውጤት የሆነ ሥራ «የስብሰባ ተሳትፎ» ተብሎ ሊታለፍ ይችላል።

ዘርፉ የሚያጠናው አንድ ችግር በኮምፒውተር ሊፈታ መቻል አለመቻሉን፣ የሚፈታም ከሆነ ምን ያህል ጊዜ እንደሚጠይቅ ነው። መሣሪያው ቤተ ሙከራ ሳይሆን የሒሳብ ማረጋገጫ ነው። ለዚህ ተጠቃሽ የሚሆኑት ፕሮፌሰር ስቲቨን ኩክ ናቸው። በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ያገለግሉ የነበሩት እኚህ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1970 የሒሳብ ትምህርት ክፍሉ ቋሚ የመምህርነት ሹመት ስለነፈጋቸው ወደ ካናዳው ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ተዛወሩ። በዓመቱ፣ በ1971፣ ስቶክ በሚል ምኅጻረ ቃል በሚታወቀው ጉባኤ ላይ ያቀረቡት ባለ 8 ገጽ ጽሑፍ የመስኩን አቅጣጫ ለወጠ። ጽሑፉ ያነሳው ጥያቄ እስከ ዛሬ መልስ አላገኘም፤ ለሚመልሰው ሰው የክሌይ የሒሳብ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2000 የ1 ሚሊዮን ዶላር ሽልማት መድቧል። ፕሮፌሰሩም እ.ኤ.አ. በ1982 የመስኩ ከፍተኛ ክብር የሆነውን የቱሪንግ ሽልማት ተቀብለዋል። የሹመት መርማሪዎች ውሳኔ አንዳንድ ጊዜ ምን ያህል ውድ ዋጋ እንደሚያስከፍል ከዚህ የበለጠ ማሳያ ማግኘት ያዳግታል።

ስቶክ እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ የሚካሄድ ሲሆን፣ ፎክስ የተሰኘው አቻው ደግሞ ጅማሮው በ1960 ነው። በአውሮፓ ከ1972 አንሥቶ የሚዘጋጀው አይካልፕ በተመሳሳይ ተርታ ይመደባል። ወደ እነዚህ መድረኮች የሚላክ ጽሑፍ በአዘጋጆቹ የጥሪ ማስታወቂያ መሠረት በኢንተርኔት ይገባል። ጽሑፉ የተገኘውን ውጤት፣ አስፈላጊነቱንና የማረጋገጫውን ዋና ሐሳብ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ገጾች ማስረዳት ይኖርበታል፤ ገምጋሚዎች ከዚያ ወዲያ ያለውን እንዲያነቡ አይገደዱምና። ያም ሆኖ ሙሉው ማረጋገጫ አብሮ መቅረብ አለበት። ጥሩ ውጤት ይዘው መግቢያውን በቸልታ የሚጽፉ አመልካቾች በብዛት የሚወድቁት በዚሁ ምክንያት ይመስላል።

የማስረከቢያው ቀነ ገደብ ጥብቅ ነው። ብዙ ጉባኤዎች «በምድር ላይ የትኛውም ስፍራ» የሚባለውን የሰዓት ደንብ የሚጠቀሙ ሲሆን፣ ይህም ቀኑ በዓለም መጨረሻ በሚመሽበት ቦታ እስኪያልቅ ድረስ ማስገባት ይቻላል ማለት ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር የመዝጊያው ሰዓት በማግሥቱ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ይውላል። በዚያች ሰዓት መብራት ወይም የኢንተርኔት አገልግሎት ቢቋረጥ ይግባኝ የሚባልበት አካል የለም።

የገባው ጽሑፍ በፕሮግራም ኮሚቴው አባላትና እነርሱ በሚጋብዟቸው ባለሙያዎች ይመረመራል፤ በአንድ ጽሑፍ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ያህል ገምጋሚዎች አስተያየት ይሰጣሉ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በርካታ ጉባኤዎች የአቅራቢው ስምና ተቋም በረቂቁ ላይ እንዳይጻፍ ስለሚያዝዙ ስም የሌለበት ረቂቅ በማስረጃነት ቢቀርብ ሊያስገርም አይገባም። ውሳኔው ከሁለት እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ይገለጻል። በስቶክ ተቀባይነት የሚያገኘው ከሦስት ወይም ከአራት ጽሑፎች አንዱ ገደማ ነው። ውድቅ መደረግም የሥራውን ደካማነት ሁልጊዜ አያመለክትም። ሻፊ ጎልድዋሰር፣ ሲልቪዮ ሚካሊና ቻርልስ ራኮፍ አንድን እውነት ምስጢሩን ሳይገልጹ ማረጋገጥ እንደሚቻል ያሳዩበት ጽሑፍ በ1985 ስቶክ ላይ ከመቅረቡ በፊት በተደጋጋሚ ተመልሶባቸው ነበር። ይኸው ሥራ በ1993 ለመጀመሪያ ጊዜ ከተሰጠው የጎደል ሽልማት ተጋሪ ሆኗል።

መርማሪ ኮሚቴዎችን ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስተው ግን የስም ቅደም ተከተል ነው። በሕክምናና በመሳሰሉት መስኮች ስሙ በቀዳሚነት የሰፈረው ተመራማሪ ከፍተኛውን ድርሻ እንደተወጣ ይታሰባል። በንድፈ ሐሳባዊ የኮምፒውተር ሳይንስ ግን ስሞች በፊደል ተራ ነው የሚደረደሩት። ከላይ የተጠቀሱት ሦስት ምሁራን ስም በላቲኑ ፊደል በቤተሰብ ስም መደርደሩን ልብ ይሏል። በመሆኑም ለመጀመሪያ ጸሐፊ ከፍ ያለ፣ ለተከታዮቹ ዝቅ ያለ ነጥብ የሚሰጥ መመሪያ በዚህ መስክ የሚመዝነው የአባትን ስም የመጀመሪያ ፊደል እንጂ የተመራማሪውን አስተዋጽኦ አይደለም።

ሌላው ሊታወቅ የሚገባው የጉባኤው ጽሑፍ በመድበል ከታተመ በኋላ የተሟላው ቅጂ ለጆርናል መላኩ የተለመደ መሆኑ ነው። ይህ እንደ ድግግሞሽ ወይም እንደ ማጭበርበር አይቆጠርም። የተከለከለው አንድን ጽሑፍ በአንድ ጊዜ ለሁለት ጉባኤዎች ማስገባት ነው። የጆርናሉ ግምገማ ዓመታት ሊወስድ ስለሚችል ጎልድዋሰርና ባልደረቦቿ የጆርናል ቅጂያቸውን ያሳተሙት ከጉባኤው አራት ዓመት ዘግይተው በ1989 ነበር።

ጽሑፉ ተቀባይነት ካገኘ ቢያንስ አንድ ጸሐፊ መመዝገብና መገኘት ይጠበቅበታል። የበጀት ጉዳይ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። አይካልፕ ጽሑፎችን የሚቀበለው በየካቲት፣ ውሳኔውን የሚያሳውቀው በሚያዝያ ገደማ ሲሆን፣ የሚካሄደው በሐምሌ ወር ነው። ለአብነት የ2024ቱ ጉባኤ በኢስቶኒያ ዋና ከተማ ታሊን የተከፈተው እ.ኤ.አ. ሐምሌ 8 ቀን፣ ማለትም የኢትዮጵያ በጀት ዓመት በሚጀምርበት በሐምሌ 1 ቀን 2016 ነበር። ምዝገባው በአሮጌው በጀት፣ የውሎ አበሉ ደግሞ በአዲሱ የሚወድቅበት ጥያቄ በሒሳብ መዝጊያ ሰሞን ሲመጣ በእንጥልጥል የመቅረት አደጋ አለው። ተመራማሪው የካቲት ላይ ጽሑፉን ሲልክ ለተቋሙ አስቀድሞ ቢያሳውቅ፣ ተቋሙም ገንዘቡን በሁኔታ ላይ የተመሠረተ አድርጎ ቢይዝ ችግሩ በእጅጉ ይቃለላል። ቪዛም የራሱ ጣጣ አለው። በሰው ሠራሽ አስተውሎት መስክ ወደ ካናዳ ጉባኤዎች ለመሄድ ቪዛ የተነፈጉ አፍሪካውያን ተመራማሪዎች ቅሬታ ባሰሙበት ወቅት፣ አይክለር የተባለው ጉባኤ በ2020 በአዲስ አበባ እንዲካሄድ ተወስኖ ነበር፤ በኮቪድ ወረርሽኝ ሳቢያ በኢንተርኔት ብቻ ተካሄደ።

የአገሪቱ ወጣቶች ለመስኩ ባዕድ አይደሉም። ትውልደ ኢትዮጵያዊው የበርክሌይ ፕሮፌሰር ጀላኒ ኔልሰን እ.ኤ.አ. በ2011 በመሠረቱት አዲስኮደር የተሰኘ የክረምት መርሐ ግብር የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች አልጎሪዝምን በአዲስ አበባ ይማራሉ።

በተቃራኒው የምዝገባ ገንዘብ ለመሰብሰብ ብቻ የሚቋቋሙ አስመሳይ ጉባኤዎች መኖራቸው አይካድም። ጽሑፍ በገባ በቀናት ውስጥ «ተቀብለናል» የሚል ደብዳቤ የሚልክ፣ የገምጋሚዎችን አስተያየት የማያያይዝ ወይም የፕሮግራም ኮሚቴውን አባላት የማይገልጽ አዘጋጅ ሊጠረጠር ይገባል። የጉዞ ፈቃድ የሚሰጥ ኃላፊ የሒሳቡን ይዘት መረዳት ግዴታው አይደለም፤ ከመቀበያው ደብዳቤ ጋር የገምጋሚዎቹ አስተያየት እንዲያያዝለት መጠየቅ ግን ይችላል።