«ኤርታሌ»፦ የጃኖ ባንድ አልበም ከየትኛው ዘውግ ይመደባል?

በአፋር በሚገኘው እሳተ ገሞራ ስም የተሰየመውና በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣው የጃኖ ባንድ አልበም፣ «ኤርታሌ»፣ አንዳንዱ ሮክ፣ ሌላው ሃርድ ሮክ፣ ጥቂቱ ደግሞ ሄቪ ሜታል ይለዋል፤ ለስሙ መብዛት ዋናው ምክንያት አድማጩ ከሁሉ አስቀድሞ የሚሰማው የጊታሩን ድምፅ መሆኑ ነው። በቦሌ የምሽት ክለቦች የተለመደው አጨዋወት በአብዛኛው ኪቦርድን መሪ የሚያደርግ በመሆኑ፣ በዲስቶርሽን፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ጊታርን ድምፅ ሆን ብሎ በሚያሻክር ስልት፣ የሚጫወት ጊታር ፊት ለፊት ሲመጣ ጆሮ «ሜታል ነው» ብሎ ለመፍረድ ይቸኩላል። ይሁን እንጂ ሻካራ ጊታር ብቻውን ሙዚቃን ሜታል አያሰኝም፤ ቢያሰኝማ ኖሮ የሮክ ሙዚቃ ግማሹ ሜታል በተባለ ነበር።

ዘውጉን ለመለየት ከጊታሩ አልፎ ቅኝቱን፣ ምቱንና አዘፋፈኑን መመርመር ያስፈልጋል። የሜታል ጊታር መሠረት የሆነው ፓወር ኮርድ መነሻውን ድምፅና አምስተኛውን ብቻ ይዞ በመካከል ያለውን ሦስተኛ ድምፅ የሚተው ሲሆን፣ ትዝታ ሜጀርና ትዝታ ማይነር ከሚለያዩባቸው ሁለት ድምፆች አንዱ ይኸው የተተወው ሦስተኛ ድምፅ ስለሆነ፣ ጊታሩ በመነሻው ላይ ቆሞ ሁለቱንም ያለ ግጭት ማጀብ ይችላል፤ የዜማውን ጠባይ የሚወስኑት ዘፋኞቹ ይሆናሉ። አምባሰል ከመነሻው በግማሽ ድምፅ ብቻ ከፍ የሚል ሁለተኛ ድምፅ ያለው በመሆኑ፣ ሜታል ከሚያዘወትረው የጨለመ ድባብ ጋር ይቀራረባል። አንቺሆዬ ደግሞ (ይህ ብዙ ጊዜ አይስተዋልም) በአምስተኛው ድምፅ ፋንታ ከእርሱ በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለውን ይይዛል፤ ይህ ትራይቶን የሚባለው ርቀት የሜታሉ ባንድ ብላክ ሳባዝ በ1970 ባወጣው የመጀመሪያ አልበሙ የመክፈቻ ዘፈን የተመሠረተበት ነው። ስለዚህ የአገር ቤት ቅኝትና ሜታል ተጣልተው የሚኖሩ ናቸው የሚለው አስተያየት መሠረት የለውም።

ምቱን በተመለከተ፣ የችክችካ ስድስት ስምንተኛ ምትና በሁለት እግር የሚመታው የሜታል ፈጣን ከበሮ አካሄዳቸው የተለያየ መሆኑን መጥቀስ ይበቃል። «ኤርታሌ»ን ከሜታል አጥብቆ የሚለየው ግን አዘፋፈኑ ነው፤ ጽንፈኛው ሜታል በጉሮሮ ጩኸት ሲታወቅ፣ ጃኖ ሁለት ወንዶችንና ሁለት ሴቶችን በዘፋኝነት አሰልፎ የአማርኛን ቅላጼ ከነማርገብገቡ ጠብቋል። የአልበሙ ፕሮዲውሰር አሜሪካዊው ቢል ላስዌል የከባድ ሮክ ባንዱን የሞተርሄድን የ1986 አልበምም፣ በ2001 የወጣውን የእጅጋየሁ ሽባባውን (ጂጂን) አልበምም የሠራ ባለሙያ ስለነበረ፣ የሁለቱን ወገን ክብደት ያውቅ ነበር።

በዚህ መሠረት «ኤርታሌ» በድምፁ ክብደት ሃርድ ሮክ፣ በዜማው ኢትዮጵያዊ ነው፤ ሜታል የሚለው ስም በአንዳንድ የጊታር ሐረጎቹ ላይ እንጂ በአልበሙ ሁለንተና ላይ አይጸናም።